ለዝግባ ሜዳ ፓምፕ ቁልፍ ስመርጥ

ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ያለውን ሰው ባገኘው አንድ ሁለት ነገር እጠይቀው ነበር። እኔ ከመሥሪያ ቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ያረፍሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጧት እንደ ልማዴ በሥራ ሰዓት እነሣለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ በር ላይ ስደርስ ግን የምሄድበት የለኝም። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ቁጭ ባልሁበት እግሬ መሬቱን ይደበድባል። ፍኖተ ሰላም ያለችውን ቤታችንን ማጠፊያዋን ሁሉ ፈትቼ መልሼ አስሬያለሁ፤ የጎረቤቶቼንም ቧንቧ ገና ሳይንጠባጠብ ጠግኛለሁ። ባለቤቴ ውባለም ትዕግሥተኛ ናት፤ ትዕግሥቷም ግን ልክ አለው። አንድ ቀን ያንኑ የወንበር እግር ደግሜ ሳጠብቅ አገኘችኝና፣ «አንተ ሰው፣ ወንበሩ ምን በደለህ? ከዚህ በላይ ካጠበቅኸው እኮ ይሰነጠቃል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በማግስቱ ተሰነጠቀ።

ሙያዬ የውሃ ፓምፕ መካኒክነት ነው። ዕድሜዬ ያለቀው በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በመኪና ኋላ ተጭኜ፣ መኪና ሲጠፋ በበቅሎ፣ በቅሎም ሲጠፋ በእግሬ፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስዞር ነው። ደመወዙን ማንም ያውቀዋል፤ ስለ እሱ ወረቀት አላበላሽም።

ስልኩ የተደወለው ወንበሩ በተሰነጠቀ ሰሞን ነው። የደወሉልኝ ቄስ ምናለ ናቸው፤ ከቡሬ ቁልቁል ወረድ ብላ የምትገኘው የዝግባ ሜዳ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ። የእኔን ጤና፣ የውባለምን ጤና፣ የልጆቼን፣ የላሟን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የገቡት።

«ያ ቀጭቀጭ የሚለው ቁልፋችን እኮ ስድስቱም ሞተብን፣ አቶ ደመላሽ።»

ራቼት ቁልፍ ማለታቸው ነው። ለማያውቀው ላስረዳ። ተራ ቁልፍ ብሎኑን ይዞ ጥቂት ከዞረ በኋላ ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። ራቼት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ጥርስ ያለው ቀለበትና ያንን ጥርስ የሚይዝ ትንሽ ምላስ አለው። ወደ አንድ ወገን ሲስቡት ብሎኑን ይዞ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ሲመልሱት ቀጭ ቀጭ እያለ ብሎኑን ሳይነካ ይመለሳል። በሞተር ጎን፣ እጅ በማይዘረጋበት ጥግ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ወዳጅ የለም።

«አሁን ቢስቡት አይዝ፣ ቢመልሱት አይናገር» አሉ ቄስ ምናለ። «በኦፕሬተራችን በእናትነሽ እጅ ነው የነበረው። ምን እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ። ኮሚቴው ሌላ ሙሉ ስብስብ እንግዛ ብሏል፤ እርስዎ እንዲመርጡልን ነው ልመናችን።» ቆም ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዉ ደግሞ አዲሱን ለዚያችው እጅ አንሰጥም ይላል። እርስዎም እንግዲህ ከመንግሥት ሥራ ወጥተዋል። ፓምፑ አጠገብ አንዲት ክፍል አለች... እንደው ነገሩን ለማለት ያህል ነው።»

የአገሬ ቄስ ነገሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል እንጂ ወለል አድርጎ አይከፍተውም። ገርበብ ያለው ግን በቅቶኝ ነበር። የኦፕሬተርነቱን ቦታ ለእኔ እያሉኝ ነው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ለውባለም ነገርኋት። ጧት ተነሥቼ የምሄድበት ሞተር፣ የማዳምጠው ድምፅ፣ ጥፍሬ ሥር የሚገባ ግሪስ! እናትነሽ ትዝ ያለችኝ ቆይታ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር አሠልጥኜ ሞተሩን ያስረከብኋት እኔው ነኝ።

እናትነሽን ከመናገሬ በፊት ግን ቁልፍ መምረጥን ማን እንዳስተማረኝና ምን እንዳስከፈለኝ መናገር አለብኝ።

ያስተማረኝ ጋሽ ይርጋ የሚባል ዋና መካኒክ ነው። በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ለምን ትቶ ወደ ብረት እንደመጣ ጠይቄው፣ «ቅኔ ቢበላሽ የሚስቅብህ መምህር ነው፤ ፓምፕ ቢበላሽ የሚጠማው ሰው ነው» ብሎኛል። ሥራ ሲጀምር ጆንያ ያነጥፍና ቁልፎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከሞተሩ አይነሣም፤ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ አቀባዩ የሚፈልገውን ካላወቀለት ዝም ብሎ እጁን እንደዘረጋ ይቆያል። እሱ አሥራ ሦስት ቁጥሩን ሲፈልግ እኔ አሥራ ሁለቱን እያቀበልሁ ስንት ጊዜ ያ እጅ አየር ላይ ቀርቷል! ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ቁልፍ በናፍጣ ያጥባል። ሞተር ከተነሣ በኋላም ወዲያው አይሄድም፤ በሶውን በጥብጦ ከፓምፑ አጠገብ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ጀሪካኗን ሞልታ ስትሸከም ሳያይ ከቦታው አይነቃነቅም። አለቆቻችን ደግሞ መኪናው በጊዜ እንዲመለስ ይፈልጉ ነበር። በዚህ የተነሣ ስንት ጭቅጭቅ ሰማሁ።

«ሲፈታ በጉልበት፣ ሲታሰር በጆሮ» ይላል ጋሽ ይርጋ። የጠነከረ ብሎን መጀመሪያ የሚላቀቀው ብሎኑን ዙሪያውን አቅፎ በሚይዘው ከባዱ ዝግ ቁልፍ ነው፤ ራቼት የሚገባው ብሎኑ ከተላቀቀ በኋላ ለማውጣት ነው። ሲታሰርም እንደዚሁ፤ ራቼት ያደርሰዋል፣ የመጨረሻዋን ጥብቀት ግን የሚሰጠው ዝግ ቁልፍ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ነግሮኛል። መስማትና መግባት ግን ለየብቻ ናቸው።

የገባኝ ፈረስ ቤት በምትባል የደጋ ከተማ ነው። ወደ ደጋው የተመደብሁት ገና በጉልበቴ ሳለሁ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር የገዛሁት የመጀመሪያዬ የራቼት ስብስብ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያብለጨልጫል፤ ሳጥኑ ቀይ ነው፤ ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ሲመለስ እንደ ሰዓት ነው ድምፁ። ለጋሽ ይርጋ ሳሳየው አንዱን አንሥቶ ጆሮው ሥር አዞረው፤ ደጋግሞ አዞረውና፣ «አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል» ብሎ መለሰልኝ። ቅናት መሰለኝ።

ከፈረስ ቤት ወጣ ያለ አንድ መንደር ውስጥ የጥልቅ ጉድጓድ ቧንቧ እያወጣን ነበር። ቧንቧው ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ቁራጭ ሲፈታ የታችኛው ሁሉ የሚንጠለጠለው ከጉድጓዱ አፍ ላይ በታሰረ የብረት ማነቆ ነው። ማነቆውን የሚያጠብቁት ብሎኖች ናቸው። ዝናብ መጣ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ተጣደፍሁና ማነቆውን በአዲሱ ራቼት አሰርሁት። ስስበው አንዴ ዘለል አለ። ብሎኑ የተቀመጠ፣ የጠበቀ መሰለኝ፤ ለካስ ምላሱ ጥርሱን ስቶ ነው። «ልቀቁት» አልሁ። ለቀቁት። ቧንቧው ከማነቆው ውስጥ ሾልኮ ወረደ። ሲወርድ ያወጣው ድምፅ እስካሁን ሥጋዬን ይቆርጠዋል፤ ከታች ሲደርስ ደግሞ ከእግራችን ሥር መሬቱ ድም አለ።

ቀናት ሙሉ በመንጠቆ ሞከርን። አልወጣም። ጉድጓዱ ከነቧንቧው ተዘጋ፤ መንደሩም ወደ ገደሉ ምንጭ ተመለሰ። አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛስ ምንጩን ለምደነዋል፤ ሳትበላ ዋልህ እኮ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንባዬን የዝናቡ ነው ብዬ ጠረግሁት። ስንመለስ ጋሽ ይርጋ መኪናው ላይ የራሱን ከባድ ዝግ ቁልፍ ከቦርሳው አውጥቶ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሳልመረምር ገዝቼ አላውቅም። ዱርቤቴ ተዛወርሁ፤ እዚያ የነበረው አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ የተበላሸ ፓምፕ ሪፖርት ላይ ከተጠገነ ለእሱ ተጠግኗል። መራዊም ቆየሁ፤ የመስኖ ፓምፕ በየማሳው ያጓራ ነበር። በመጨረሻ ቡሬ መጣሁ። እዚያ ያገኘኋት አለቃዬ ቦት ጫማ አድርጋ ጭቃ የምትገባ ሴት ነበረች፤ መካኒክ በየሳምንቱ አይደርስም፣ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው ብላ፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ኦፕሬተር እንዲያሠለጥንና የራሱን ቁልፍ እንዲይዝ ያደረገች እሷ ናት። እናትነሽ ያን ጊዜ ነው የመጣችው። ከሠልጣኞቹ መካከል ብቸኛ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች። ሌሎቹ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ኋላ ሲሉ እሷ ወደፊት ቀረበች። ለዝግባ ሜዳ የሚሆኑትን ራቼቶች መርጬ በእጇ ያስረከብኋትም እኔ ነኝ። ሰዉ «እናትነሽ ሞተሯ» ይላት ጀመር።

እንግዲህ ቄስ ምናለ ከደወሉልኝ በኋላ በቡሬ ገበያ ቀን ሄድሁ። በርበሬው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ያስነጥሳል፤ ባጃጁ በሰው መካከል ይሹለከለካል። የዕቃ መለዋወጫ የሚሸጠው ልየው ከሩቅ አይቶኝ፣ «ኧረ ጋሽ ደመላሽ! ጡረታ ወጡ ቢሉኝ አላለቀስሁም?» እያለ ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥሁም።

መጀመሪያ ያወጣው አንድ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ሳጥን ነበር። «ይኸው፣ ሁሉም ቁጥር አለው። ዋጋውም ርካሽ ነው።»

«ሁሉም ቁጥር ቢኖረው ምን ይሠራልኛል? የዝግባ ሜዳ ሞተር ላይ ያሉት ብሎኖች ስድስት ዓይነት ናቸው። የቀረውን ለጌጥ ልስቀለው?»

አንዱን አንሥቼ ጭንቅላቱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ያዝሁት፤ ወዘወዝሁት። ቀለበቱ ይነቃነቃል። ዛሬ በጣት የሚነቃነቅ ነገ በብሎን ይዘልላል። ጆሮዬ ሥር አዞርሁት፤ አንዱ ቀጭታ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። መለስሁለት።

ልየው ሳቀና በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ አወጣ። ይህ መካከለኛ ነው፤ ስምም ግርማም የለው። ከኪሴ ሁልጊዜ የማትለየኝን ዳዶ አወጣሁና ከጭንቅላቱ ማዶ ባለው ክፍት አፉ ላይ ገጠምኋት፤ አልተንሸራተተችም። ጥርሱ በጣም ደቃቅ አይደለም። ደቃቅ ጥርስ ለጠባብ ቦታ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ይይዛል፤ ግን ቀጭን ስለሆነ የገጠር አቧራና ጉልበት አይችልም። ለፓምፕ መካከለኛው ይበጃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭንቅላቱን ገለበጥሁና ጀርባውን አየሁ፤ በትንሽ ብሎን የታሰረ ክዳን አለው። የሚከፈት ራቼት ይታጠባል። ተጠቅጥቆ የተዘጋው ግን አንዴ ከቆሸሸ ሞቱ ነው። ዋጋው ርካሽ የሚባለው ብዙ ዓመት የሚያገለግለው ነው እንጂ ዛሬ ትንሽ የሚጠየቅበት አይደለም፤ ይህን ለልየው ብነግረው፣ «ይህን ምክር ለሌላ ደንበኛ እንዳይነግሩብኝ» አለኝ።

ልገዛው ነበር። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ፣ «እንዴት ዋሉ ጋሽ ደመላሽ?» የሚል ድምፅ የሰማሁት። እናትነሽ ናት። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ይዛ ቆማለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ዓይኗን ግን አልሰጠችኝም።

«ቄስ ምናለ ዛሬ እንደሚመጡ ነግረውኝ ነው። አሮጌዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ቢያዩልኝ ብዬ።»

ቋጠሮውን ፈታች። ቁልፎቹ አንዲት ዝገት የላቸውም። ከውጭ ሲታዩ እኔ ካስረከብኋት ቀን የተሻሉ ይመስሉ ነበር። አንዱን አንሥቼ አዞርሁት፤ ድምፅ የለም። ሳብሁት፤ ባዶውን ዞረ። ከልየው ትንሽ ካቻቢቴ ተቀብዬ ክዳኑን ከፈትሁ። ውስጡ ወርቃማ ቡናማ ነገር ግጥም ብሎ ሞልቶታል፤ እንደ ዕጣን ሙጫ ደርቆ ምላሱን ከነስፕሪንጉ አጣብቆታል። በጥፍሬ ፍቄ አሸተትሁት።

«እናትነሽ፣ ምንድን ነው የቀባሽው?»

«ቅባኑግ ነዋ» አለች፣ ሌላ ምን ሊቀባ ይችላል በሚል ፊት። «በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሻቸዋለሁ። አባቴ የበሬውን ጠፍር በቅባኑግ ነበር የሚያሸው፤ ሃያ ክረምት ቢመታው አይደርቅም። ብረቱንም እንዳይከፋው ብዬ... አጨማለቅሁት እንዴ?»

ቅባኑግ ለቆዳ መድኃኒት ነው። ቆዳው ይጠጣዋል፣ ይለሰልስበታል። ብረት ግን አይጠጣም፤ ላዩ ላይ የቀረው ቅባኑግ አየር ሲመታው ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። የሞተር ዘይት ዓመት ቢቀመጥ ዘይት ነው፤ ቅባኑግ ግን ሙጫ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ስነግራት ፊቷ ቀስ በቀስ ሲጠወልግ አየሁ። ልጇን በገዛ ጡቷ የመረዘች ያህል ሆነባት።

«እንግዲያ ያበላሸሁት እኔ ነኛ» አለች። ልየው እንዳይሰማት ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ጋሽ ደመላሽ፣ ፋብሪካው ነው ያበላሸው ቢሉልኝ ምን አለበት? እርስዎ ያሉትን ማንም አይጠረጥርም። ከዚህ ወጥቼ ወዴት እገባለሁ? መሬቱ በእኩል አራሽ እጅ ነው። ደግሞስ ከእንግዲህ ሰዉ ምን ብሎ ይጠራኛል?»

ክዳኑን መልሼ ስገጥም እሷ ቀጠለች። «ቦታውን ለእርስዎ እንደሚሰጡት ሰምቻለሁ። እርስዎ ከሆኑማ ምን እላለሁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ይህ አነጋገሯ ከልመናዋ የበለጠ አቃጠለኝ። አዲሶቹን አልገዛሁም፤ ልየውን እመለሳለሁ አልሁትና ወጣሁ። ያን ቀን ከእሷ ጋር በአንድ ባጃጅ ወደ ዝግባ ሜዳ ስወርድ ራሴን ስከራከረው ነበር። ምንም መዋሸት አይጠበቅብኝም፤ እውነቱን፣ «ቅባኑግ ቀብታ አበላሽታዋለች» ብዬ ዝም ብል በቃ፤ ቀሪውን ኮሚቴው ይጨርሰዋል። ሞተሩም የእኔ ነው። እውነት ተናግሮ ሰው መንጠቅ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስፈራኝ። እግሬ የባጃጁን ወለል ይደበድብ ነበር።

ያደርሁት ቄስ ምናለ ቤት ነው። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ኮሚቴው ፓምፑ ቤት በር ላይ ተሰበሰበ፤ ቄስ ምናለ በድንጋዩ ላይ፣ ከአጠገባቸው ይበልጣል የሚባል ቀይ በርበሬ አምራች፣ ሌሎቹ ጥላው ሥር። ይበልጣል ነው አዲሱን ለዚያችው እጅ አንሰጥም ብሎ አቋም የያዘው። ምላሱ ስለት ነው፤ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። ሁለት ሦስት ሴቶች ደግሞ ቦኖው አጠገብ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቁ ነበር። ሞተሩ እጅ በማይዘረጋበት ጥግ ያለ አንድ ብሎኑ ላልቶ ውሃ ከቆመ ሰንብቷል።

ጆንያ አስነጠፍሁ። ቁልፎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርሁ። በቆርቆሮ ናፍጣ አስመጣሁና ካቻቢቴዋን ለእናትነሽ ሰጠኋት። «ክፈቺ» አልኋት።

«እርስዎ ቢከፍቱት አይሻልም?» አሉ ቄስ ምናለ።

«እሷ ትክፈት፣ አባቴ።»

ጎንበስ ብላ ከፈተች። ቀለበቱን፣ ምላሱን፣ ያችን እንደ ጤፍ የምታንስ ስፕሪንግ አውጥታ ናፍጣ ውስጥ ነከረች። አንዷ ሴት ከነጠላዋ ጫፍ መፋቂያ ፈትታ ወረወረችላት፤ በመፋቂያው ጥርሱን አንድ በአንድ ፋቀችው። ናፍጣው ጠይም ሆነ። አድርቃ ገጠመችውና አዞረችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ከሴቶቹ መካከል እልል ያለች አለች። እናትነሽ ራሷን አላነሣችም፤ ሁለተኛውን አነሣች፣ ሦስተኛውን። እኔ የቆምሁት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው፤ እጄ ግን ከኋላዬ አብሯት ይፈታ ነበር። ከስድስቱ አራቱ ዳኑ። የሁለቱ ጥርስ ተበልቷል፤ ምላሱ ተጣብቆ ሳለ በጉልበት ተስቦ ነው።

«እንግዲህ ያበላሸው ማን ነው?» አለ ይበልጣል። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናትነሽም ዞረች። የለመነችኝን ውሸት ልናገርላት እንደሆነ፣ ወይስ እውነቱን ልናገርባት፣ ከፊቴ ላይ ትፈልግ ነበር። እኔም ገና አላወቅሁም። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ» አለች። «በየሳምንቱ ቅባኑግ አጠጣሁት። የሚጠቅመው መስሎኝ። በየትኛው ቀን ቀጭ ማለት እንዳቆመም አውቃለሁ፤ ይበልጥ ቀባሁት እንጂ አልጠየቅሁም።»

ይበልጣል አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ አለ ያገሬ ሰው» ብሎ ጀመረና ቆመ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔስ የፀረ ተባይ መርጫዬን እጀታ በምን ሆነና የማሸው! ያ ሁሉ መድረቅ ለካ...» አልጨረሰውም፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቄስ ምናለ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከጥላው ሥር አንዱ የቤቱን የበር ቁልፍ፣ ሌላው የጠመንጃውን ነገር እያነሣ ጫጫታ ሆነ።

ሳቁ ሲበርድ ቄስ ምናለ ወደ እኔ መጡ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «አቶ ደመላሽ፣ በስልክ ያልሁዎት እንዳለ ነው። ክፍሏ ተጠርጋለች። ኮሚቴው የእርስዎን ቃል ነው የሚጠብቅ። አዲሱን ቁልፍ ለማን እናስረክብ?»

ክፍሏን አየኋት። በሯ ወደ ሞተሩ ነው የሚከፈተው። ጧት ተነሥቼ በዚያ በር ስወጣ ታየኝ። እንደዚያን ቀን አንድ ነገር የተመኘሁበት ጊዜ በሕይወቴ ጥቂት ነው፤ ያን ያህል እየተመኘሁም ነው የተናገርሁት።

«ሙሉ ስብስብ አትግዙ። ከልየው ሱቅ የጎደሉትን ሁለቱን ብቻ ለዩና ግዙ፤ የሚከፈቱ ይሁኑ። ከሞተሩ ዘይት ጠብታ እንጂ ሌላ እንዳይነካቸው። የምታስረክቡትም ለእናትነሽ ነው። እዚህ ካለነው መካከል ዳግመኛ ቅባኑግ እንደማታጠጣው የማምናት እሷን ብቻ ነው።»

ቄስ ምናለ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩት። የሸሸግሁትን ያነበቡት ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞሩ። ይበልጣል መጀመሪያ እጁን አወጣ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። እናትነሽ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ እጇ ናፍጣ ነበር። ከዳኑት አንዱን አንሥታ የላላውን ብሎን አደረሰችው፤ ከዚያ ሳልነግራት ዝጉን ቁልፍ አንሥታ ጨረሰችው፤ ሞተሩን አስነሣች። ወዲያው አላገሣም፤ ሳል ሳል አለና ተነሣ። ሴቶቹ ወደ ቦኖው ተጋፉ።

ፍኖተ ሰላም የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ቤት ስገባ በሩ አጠገብ ሻንጣዬ ቆሟል፤ ሁለት ብርድ ልብስ በገመድ ታስሮ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ውባለም ፊቷ ሁሉ ፈክቶ፣ «መቼ ትጀምራለህ?» አለችኝ።

«ሰው አላቸው» አልኋት።

ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታችና ብርድ ልብሱን ወስዳ አልጋው ላይ አነጠፈችው።